ስለ ረዳት ኢንስፔክተር ማርያማዊት ባንተአምላክ ዕረፍትና በእሽግ ስለሚቆየው ነጠላቸው

የብቸናና ሞጣ አካባቢ ወንጀል መርማሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ ባልደረባችን ረዳት ኢንስፔክተር ማርያማዊት ባንተአምላክ ኅዳር 12 ቀን ለምስክርነት ወደ ሞጣ ለመሄድ ከብቸና ወጣ ብሎ መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቁ፣ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ሕይወታቸው ማለፉን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ይህን ስንጽፍ ነገሩ ገና ልባችን አልገባም።

ረዳት ኢንስፔክተር ማርያማዊት በብቸና ተወልደው፣ በ2004 ዓ.ም. በፖሊስነት ተቀጥረው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለዋል።

በ2007 ዓ.ም. የማስረጃ ዕቃዎች የሚቀመጡበትን የኤግዚቢት ክፍል ተረከቡ። ደም የነካው ልብስ በፌስታል ታስሮ ሲበሰብስ አይተው፣ በጥላ ደርቆ በወረቀት ከረጢት እንዲታሸግ፣ ማን እንዳነሳውና ለማን እንደተላለፈ በላዩ እንዲጻፍ አደረጉ። ሳይፈርም ዕቃ የሚወስድባቸው ሰው አልነበረም፤ አለቃም ቢሆን። በዚህ ያልተቀየማቸው ባልደረባ ማግኘት ያስቸግራል።

በ2011 ዓ.ም. በሞጣ በግድያ የተከሰሰ ሰው በነጻ ተለቀቀ። የሟች ሸሚዝ ለቅሶ ላይ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስለዋለ ማስረጃነቱ ውድቅ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው በተገደለበት ቤት ሁሉ እየሄዱ፣ ቤተሰቡ ሟች የለበሰውን እንዳያወጣ፣ ሌላ ልብሱን ይዞ እንዲያለቅስ ሲለምኑ ኖሩ። ብዙ ጊዜ ተሰድበው ተመልሰዋል።

አሁን በእጃችን ያለው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ በደንብ ልብሳቸው ላይ ደርበውት በነበረው ነጠላ ላይ የቀረ የመኪና ቀለም። ሾፌሩ አልተያዘም። ነጠላው ከተነካካ ቀለሙ ይራገፋል፤ ሾፌሩም በዚያው ይቀራል። እሳቸው ያሠለጠኗቸው ሳጅን አንዷለም ፋንታ ነጠላውን በወረቀት አሽገዋል። እስከዚያች ዕለት በተረካቢ ቦታ ይፈርሙ የነበሩት ራሳቸው ረዳት ኢንስፔክተሯ ነበሩ።

ነጠላውን ፈትለው ያሠሩላቸው እናታቸው ወ/ሮ አስናቀች ያየህ ናቸው። ለለቅሶው እንዲሰጣቸው ጠይቀው ነበር፤ ማኅበሩ ሽማግሌ ልኮ እንደማይቻል አስረድቷል። ይህን ለቤተሰብ መንገር የሟቿ ሥራ ነበር። እንዴት ብለው ይናገሩት እንደነበር ከመካከላችን የሚያውቅ አልተገኘም።

ወ/ሮ አስናቀች ለቅሶው ላይ ባዶ እጃቸውን ወጡ። የልጃቸውን ሌላ ልብስ ይያዙ ሲባሉም፣ «የስንቱን እናት ስትከለክል ኖራ የለ? እኔስ ከማን እበልጣለሁ። ተዉት፣ ይቆይላት» ብለዋል።

ለወ/ሮ አስናቀች፣ ለመላ ቤተሰባቸውና በሁለቱም ከተሞች ላሉ ባልደረቦቻችን እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። ነጠላው ላይ የቀረው ቀለም ሰማያዊ ነው፤ ፊቱ የተላጠ መኪና ያየ ሰው ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ይጠቁም። ፍርድ ቤት የፈቀደ ዕለት ነጠላውን እናታቸው ቤት ድረስ ወስደን፣ ልጃቸው እንዳስተማሩን፣ አስፈርመን እናስረክባቸዋለን።

የብቸናና ሞጣ አካባቢ ወንጀል መርማሪዎች መረዳጃ ማኅበር
ብቸና