ከግራ የሚመጡ ሞተሮች

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ስምንት ምልልስ። ሆቴል፣ ኤርፖርት፣ ሆቴል። አንድ ሰውዬ ኮምፒዩተሩን ቫኑ ውስጥ ረስቶ ወረደ። ተመልሼ ሰጠሁት፣ እጄን ጨበጠኝ። ሌላ የለም። ምሳ፦ የትናንት ምስር።

መንገዱ እንዲህ ሆኗል። ባንኮክ፣ አዩታያ፣ ሱኮታይ፣ ቺያንግ ማይ። ከዚያ ተራራው፦ ፓይ፣ ሜ ሆንግ ሶን፣ ዞሮ ቺያንግ ማይ። አሥራ ሁለት ቀን። የኪራይ መኪናውን ዛሬ ሪዘርቭ አደረግኩ። ነጭ፣ አውቶማቲክ፣ አራት በር። ሶስና ገናን ቤቷ ውላ በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ትነሳለች፣ እኔ ከዴንቨር። ባንኮክ እንገናኛለን። ሶስና የታላቅ እህቴ የእትዬ ላቀች ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ። እትዬ ሌላ ልጅ አልነበራትም። እኔ ጭራሽ የለኝም።

አንተንም፣ ደብተሬ፣ የገዛሁህ እዚያው ባንኮክ ነው፣ እትዬ ከታከመችበት ሆስፒታል ሥር ካለ ሱቅ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት። ፊትህ ላይ የእትዬ ሙቀትና የመድኃኒት ሰዓት አለ። ሠላሳ ሰባት ቀን። ከዚያ ባዶ ነህ። ስለዚህ ገልብጬህ ከኋላ ጀመርኩ። ወረቀት ማባከን አልወድም።

ግራ ዓይኔ። የሐኪሙ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከገባ አምስተኛ ሳምንቱ። ግላኮማ። ዳር ዳሩን የጠፋው እይታ አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ሌላ ምርመራ እስክናደርግ ሰው ጭነህ አትንዳ ብሎኛል። ለመሥሪያ ቤት አልነገርኩም። ለሶስናም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቫኑን አስነሳለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ሁለት ፎቶ፣ አንድ ፎርም። ስለ ዓይን የሚጠይቅ መስመር የለውም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ደጀኔ ወረቀቱን አየብኝ። እሱም ቫን ነው የሚነዳው፣ የሌላ ሆቴል። አሥራ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ፓርክ አድርገን ጠብቀናል። ባንኮክ ሐበሻ የሚሄደው ሊታከም ነው፣ አንተ ምንህን አሞህ ነው? አለኝ። ምንም አልኩት። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ስትነዳ ከርመህ ዕረፍትህንም ልትነዳ? አህያ እንኳ ጭነት ሲያወርዱላት ትንከባለላለች እንጂ ሌላ ጭነት አትፈልግም። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ቤ/ክ ፓርኪንግ። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው አዲስ መጤ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል፤ እንዴት እንደተጀመረ አላስታውስም። ስንቱን እንዳስተማርኩ አልቆጠርኩም። አሁን ተረኛዋ ወ/ሮ ብዙነሽ ናቸው። ስድሳ አራት ዓመታቸው፣ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያሽጋሉ። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። መሪውን እንደ ፍየል ቀንድ ይዘው ነው የሚነዱት።

መስተዋት ብቻ አይመኑ፣ አንገትዎን ያዙሩ እላቸዋለሁ። በየሳምንቱ ይህንኑ። አንገቴ እንደ አሜሪካ ዶሮ ደርቋል ይሉኛል። ግን ያዞራሉ። እኔ ሳላዞር ሃያ ዓመት ነዳሁ። አሁን አዞራለሁ። ተሳፋሪ ያየኝ እንደሆነ ሻንጣ የማይ እመስላለሁ።

ኦክቶበር 26፣ እሑድ፣ ረፋድ

ሶስና ጋ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል፣ እራት በልታ ነው። ጋሼ፣ ዝሆን ላይ አልወጣም፣ ከአሁኑ ልንገርህ አለች። ማንም አላዘዘሽም አልኳት። ትልልቅ ሻንጣ አታምጪ፣ መኪናው ትንሽ ነው አልኳት። እሺ ካፒቴን አለች።

ከዚያ፦ መጀመሪያው ቀን ሆስፒታሉ ጋ እንቁም። ክፍሉን ማየት እፈልጋለሁ። ከመንገዳችን ይርቃል አልኳት። አይርቅም። ካርታው ላይ በአውራ ጣቴ ለካሁት፣ ጣቴን አይሞላም።

አንተ ታውቃለህ፣ ግን ልጻፈው። ዶ/ሩ ካንሰር መሆኑን መጀመሪያ ለእኔ ነገረኝ። ለታማሚዋ ይነገር? ብሎ ጠየቀ። አዲስ አበባ ደወልኩ። ወንድሞቻችን ተመካከሩ፣ አይነገራትም ተባለ። በእኛ ቤት እንዲህ ነው። በሽተኛ ተስፋው አይቆረጥም። እኔ ነኝ ገብቼ ጨጓራ ነው ያልኳት። አስተርጓሚዋም ጨጓራ ነው አለች። መስኮቷ ሥር ትልቅ መንገድ አለ፣ መኪና ቀን ከሌት አያልቅበትም። ይሄ ሁሉ መኪና የት ነው የሚሄደው? አለች አንድ ቀን። ወደ ሰሜን አልኳት፤ ስትድኚ መኪና ተከራይቼ አሳይሻለሁ። ጨጓራ የያዘው ሰው ይድናል። ስለዚህ አመነችኝ። ምን ልብስ እንደምትይዝ ነገረችኝ።

ሶስና ያኔ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበረች። እሷም ጨጓራ ተባለች። ከፈተናዋ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ። ሬሳው ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደ ዴንቨር። ፈቃዴ አልቆ ነበር።

ሶስና አንዴ ብቻ ነው ያነሳችብኝ። ብትነግሩኝ ፈተናውን ጥዬ እመጣ ነበር አለች። ከዚያ ስለ አየሩ ጠየቀችኝ።

ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

ስለ ታይላንድ መንገድ አነበብኩ። በግራ ነው የሚነዳው፣ መሪው በቀኝ። አውራ ጎዳናው ላይ ሞተር ሳይክሎች በግራ ጠርዝ ይሄዳሉ። ስትታጠፍ በግራህ ይመጣሉ። ሳትታጠፍም ይመጣሉ። ሦስት ሰው የጫነ አለ፣ መብራት የሌለው አለ።

መኪናዋን ወረቀት ላይ ሣልኳት። እኔ በቀኝ። ሶስና በግራ።

ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። በግራ በኩል፣ እሷ የምትሆንበት ቦታ፣ ጨው የያዘ ጠርሙስ አስቀመጥኩ። ፊት ለፊት አየሁ። ጠርሙሱ የለም። አንገቴን ሳዞር አለ። መልሼ ፊት ለፊት፣ የለም።

እራት አልበላሁም። አልራበኝም። ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለስኩ።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

በግራ መንዳት ልለማመድ ብዬ ከወ/ሮ ብዙነሽ በኋላ ፓርኪንጉን በግራ በግራ ዞርኩ። እሳቸው ጎኔ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው መጥቶ እስኪወስዳቸው። ወዴት ነው የምትወስደኝ፣ ወደ ሲኦል የሚኬደው በግራ ነው ይላሉ። ያው እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ቢጫው የብረት ምሰሶ። ሰባት ዓመት የማውቀው ምሰሶ። አልነበረም። ከዚያ ድምፁ። የግራ መስተዋቴ በሽቦው ተንጠለጠለ፣ የኔ በር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፋቀ።

ፀሐይ ወጋችኝ አልኳቸው። ዞር ብለው አዩ። ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች።  

ከዚያ፦ "ስማ ልጄ። እኔ ሁለት ጊዜ የወደቅሁት እያየሁ ነው። አንተ ሳታይ ሰው ትጭናለህ?"

እንዴት አወቁ አላልኩም። ሟቹ ባላቸው በአንድ ዓይናቸው ነበር የኖሩት አሉ፣ ራሳቸው። እንዲህ እንደ አንተ አንገታቸውን ያዞሩ ነበር። ግን እሳቸው በግ ነው የሚነዱት። ይህን ሌላ ማን ያውቃል? አሉኝ። ማንም አልኩ። ልጃቸው መጣ። ሲወርዱ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፣ በሽተኛ የተኛ ይመስል።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ዘጠኝ ምልልስ። መስተዋቱን በፕላስተር አሠርኩት። የቫኑ ደህና ነው።

አንዲት ሴት ሁለት ሕፃን ይዛ ተሳፈረች። ቀበቶ አሠረችላቸው። ሁለት ጊዜ ጎትታ አየችው። በውስጥ መስተዋት አየኋት። ከዚያ ነዳሁ። ቀስ ብዬ። ከኋላዬ ክላክስ አደረጉብኝ።

ይህን የምጽፍልህ ምንም ስለተሰማኝ አይደለም። ሆኗል፣ ስለሆነ ነው።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ወደ ፓርኪንግ አልሄድኩም። ሶስና ጋ ደወልኩ። ስለ ሻንጣ ጀመረች። አቋረጥኳት። ነገርኳት።



"የትኛው ዓይን?"

ግራ።

"መቼ አወቅህ?"

ሴፕቴምበር።

"ሴፕቴምበር።" ደገመችው። "ጋሼ፣ ጨጓራ ነው ብትለኝ አይሻልህም ነበር?"

ዘጋችው። መልሼ አልደወልኩም። ዕቃ አጠብኩ። ምንጣፉን ጠረግኩ። መጽሔቶቹን አስተካከልኩ። ረፋድ ነበር፣ ሳላስበው ማታ ሆነ።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

አልደወለችም። ቅዳሴ ሄድኩ፣ በደጀኔ መኪና። የኔ ጋራዥ ነው አልኩት። አሁንም ውሸት። ወ/ሮ ብዙነሽ ከሴቶቹ በኩል አዩኝ። በአገጫቸው ጠየቁኝ። ነገርኩ ብዬ በአገጬ መለስኩ።

ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

የኪራይ መኪናውን ሰረዝኩ። የአውሮፕላን ቲኬቱን አልነካሁም። ለምን እንዳልነካሁት አላውቅም።

ፓይን ከካርታው ላይ በእርሳስ ሰረዝኩ። ሜ ሆንግ ሶንን ሰረዝኩ። ሱኮታይ ላይ እጄ ቆመ። ተውኩት።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

የድምፅ መልእክት ከሶስና። አምስት ጊዜ ሰማሁት። ባጭሩ፦

አንድ፣ ተናድዳለች። ገና አልበረደላትም፤ እንደበረደላት እንዳላስብ። ሁለት፣ ሆስፒታሉ ጋ ይቆማል። ከዚያ ካልተጀመረ አትመጣም። ሦስት፣ ባለፈው ዓመት መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። አልነገረችኝም፣ ምክንያቱም በስልክ ላስተምርሽ ብዬ እንደማሰለቻት ታውቃለች። በጓደኛዋ ቪትዝ መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት አቋርጣለች። መገናኛን ያቋረጠ ታይላንድን አይፈራም። ተራራው ይቅር፣ ቀጥ ያለው መንገድ ይበቃናል። ዓለም አቀፍ ፈቃዱን ትጠይቃለች፣ ካልሰጧት መኪናውን ከነሾፌሩ እንከራይ።

መጨረሻ ላይ፦ "እና ደግሞ ጎኔ ተቀምጠህ ፍሬን በሌለበት እግርህን ስትረግጥ እንዳላይህ።"

ወረቀቱን አወጣሁ። መኪናዋን እንደገና ሣልኳት። ሶስና በቀኝ፣ መሪው ጋ። እኔ በግራ። ጨው የያዘውን ጠርሙስ በቀኜ አስቀመጥኩ። ፊት ለፊት አየሁ። አለ።

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

ወ/ሮ ብዙነሽ ፈተናውን አለፉ። ሐሙስ ለት። ዛሬ ራሳቸው ነድተው ቤቴ መጡ፣ ልጃቸው ጎናቸው ጨርቅ መስሎ ተቀምጧል። ና ውጣ፣ ጋራዥ ላድርስህ አሉኝ። ጋራዥ የለም አልኳቸው። አውቃለሁ፣ ለወሬ ነው አሉ። ደጀኔ ነው የነገራቸው። እሱ ጋራዡን የት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለት የተለያየ ቦታ ነግሬው ኖሯል።

የኮልፋክስን ጎዳና ይዘው እስከ ካፒቶል ሂል ሰፈር ወሰዱኝ። ድሮ ስመጣ የተከራየሁበት ሕንፃ አሁንም አለ፣ ቀለሙ ተቀይሯል። በእያንዳንዱ መስቀለኛ መንገድ አንገታቸውን ያዞራሉ። አንድ ጊዜ እግሬን ረገጥኩ። አዩኝ።

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ፈረቃዬን አልነዳሁም። የሐኪሙን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ ለተቆጣጣሪያችን ሰጠኋት። አነበበችው። ቀኑን አየች፣ እኔን አየች። ከሴፕቴምበር ጀምሮ? አለች። አዎ አልኩ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከቁልፉ ጋር ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ማንጠልጠያ የኔ ነው፣ እሱን ፈታሁ፣ ጥፍሬ ተሰበረ። ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ ሳምንቱን ትነግረኛለች። የሆቴሉ ፓርኪንግ ውስጥ ሌላ ሥራ ካለ ትጠይቃለች። ፊቷ ግን ስለ እኔ አላሰበም። ስለ ተሳፋሪዎቹ ነው ያሰበው። ልክ ናት።

በባቡርና በአውቶቡስ መጣሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በቀኝ በኩል መስኮት ያዝኩ።

ሶስና ፈቃዱን ታግኝ አታግኝ ገና አላወቀችም። ሱኮታይ እርሳሱ ሳይነካው አለ። ሆስፒታሉን በቀይ ከበብኩት፣ ቀን አንድ፣ ጠዋት።

ከአንተ አራት ገጽ ቀርቷል። ከዚያ በግልብጡ የእትዬ ሠላሳ ሰባተኛ ቀን ይመጣል። ዛሬ ከዚያ ጀምሬ ወደ ፊትህ ገለጥኩ። ሙቀት። ሰዓት። ሙቀት። ሁለተኛው ገጽ ላይ በኔ እጅ የተጻፈ አለ፣ ከሥሩ ሁለቴ የተሰመረበት፦ "ጨጓራ ተብላለች። የሚደውል ሁሉ ይህንኑ ይበል። ሶስናም።"

ይዤህ እሄዳለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ለሶስና እሰጥሃለሁ፣ ከፊትም ከኋላም ታንብብ።

ገጹን አልቀድደውም።