ሳልጣራ የተሰማው ጥሪ

ፎገራ፣ ከርብ ወንዝ ዳር
ነሐሴ ፳፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ ፍሬህይወት፣

ድምፄን ሰርቀሽ በሐሰት አስጮኽሽው። ሰላምታው ከዚህ በኋላ ይምጣ። እንዴት ሰነበትሽ? አዲስ አበባ ብርዱ እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን። እናትሽም ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው በክረምቱ የሚያስቸግራት።

በእሷ ስልክ ደጋግመሽ ብትደውዪም አላነሳሁም። በስልክ የተነገረ ቃል ምን እንደሚደርስበት አሁን አውቄያለሁ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ፊደልን ሰብል እየጠበቅሁ ለብቻዬ የለየሁት ለእንዲህ ያለው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ለፋሲካ የመጣሽ ጊዜ ከበረቱ ደጃፍ አስቀምጠሽኝ፣ ውሃ ሲመጣ እንዴት እንደምጣራ ጠየቅሽኝ። ለትዝታ በስልኬ ልቅረጸው አልሽኝ። እኔም ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከእኔ በፊት ጠሪ የነበረው አባቴ እንደሚለው አልኩልሽ፦ «ርብ ወጣ፤ ከብት አውጣ፤ ልጅ ያዝ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።» አንቺና የሥራ ጓደኞችሽ ግን ድምፁን ከፍ አደረጋችሁት። ድልድዩ አጠገብ ስላቆማችሁት የውሃ መለኪያ ነግረሽኝ ነበር። ውሃው ምልክቱን ሲያልፍ በየሰዉ ስልክ ይናገራል ስትዪኝ፣ ይሁን፣ የሰው ዓይን ይደክማል ብዬሻለሁ። በማን አንደበት እንደሚናገር ግን አልነገርሽኝም።

የጥሪውን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ያደግሽው እዚሁ ነው። ይህን ጥሪ የሰማ ሰው እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ተቀብሎ ለሚቀጥለው ጎጥ ይጣራል። ለዚህ ነው ማንም በጨዋታ የማይለው።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሥራው አልቋል፣ የቀረው መፈተን ብቻ ነው ብላችሁ ወደ ጥቂት ሰዎች ስልክ ላካችሁት። ጓደኞችሽ ሙከራ መሆኑን ከሥሩ ጽፈን ነበር ይላሉ። ማን አነበበው? የሰሙት ድምፁን ነው። ጎረቤታችን ዓለምነው ሰምቶ ተጣራ፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ተቀበለው፤ ሜዳው ሁሉ በእኔ ስም ሲታመስ እኔ ሩዝ እያረምኩ ነበር። አልጣሽ፣ ያቺ ቤቷ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ከወንዙ አፍ ያለው፣ ልጇን አዝላ ስትሮጥ አገኘኋትና ማን እንደ ተጣራ ጠየቅኋት። «እርስዎ ነዎት እንጂ» ብላኝ አለፈች።

ከብቱ በቆመው ሩዝ ላይ ተነዳ። የይርዳው በሬ ቦይ ገብቶ እግሩ ተሰበረና አረደው። በጾም ለማን ይከፋፈል? በክረምትስ ቋንጣ መቼ ይደርቃል? ለጅብ ተጎተተ። ርብ ያን ቀን ከቦታው አልተነቃነቀም።

በምትኩ የእኛን ቦራ በሬ ወስጄ ይርዳው በረት አሰርኩ። እናትሽ ይህን ያልነገረችሽ እኔ ከልክያት ነው።

ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሳልፍ እኩዮቼ፣ ርብ ደኅና አደረ ወይ ይሉኝ ጀመር። ዓለምነውማ፣ «አያ አዛናው፣ ድምፅዎ ጠፋሳ፤ ካርድ አልሞሉም እንዴ?» አለኝ። መንገዴን ቀጠልኩ።

ጾሙ እንደ ተፈታ የዓለምነው አባት ተዝካር ሆነና ሰዉ ሁሉ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ስልኮቹ ባንድ ጊዜ ጮኹ። ርብ ወጣ ይላሉ፣ በእኔ ድምፅ። እኔ እንጀራ ጎርሻለሁ። አንዱ፣ «አያ አዛናው ጎርሰውም ይጣራሉ» አለና ዳሱ ሙሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። እኛ ዘንድ ዝናብ አልነበረም፤ ርብ በሚነሣበት በጉና ተራራ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ወንዙ ድረስ ወርጄ ለማየት ጊዜ የለም። ተጣርቼ ሐሰት ከሆነ፣ ሌላ ቀን ውሃውን በዓይኔ አይቼ ብጮህም የሚሰማኝ አይኖርም። ዝም ብዬ እውነት ከሆነ ደግሞ አልጣሽ ልጇ ታሞባት ተዝካሩን ቀርታ ታች ቤቷ ናት። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደና ሰዉ ሁሉ እኔን ያይ ጀመር። ይርዳው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ፊቴ ቆመ።

«አያ፣ አሁን የሚጣሩት እርስዎ ነዎት?»

አይደለሁም ብል እውነት ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ከዳሱ ወጥቼ ተጣራሁ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ይርዳው ነው፤ በሬውን ያጣው ሰው። ከእሱ ዓለምነው፤ ከዚያ ጎጡ ሁሉ። የመጨረሻው ከብት ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ሳይደርስ ውሃው እርሻውን አልብሶ ሲመጣ አየነው። የአልጣሽ ቤት እስከ መስኮቱ ጠለቀ፤ ጎተራዋ ተወሰደ። እሷና ልጇ ግን ጉብታው ላይ ከእኛ ጋር ነበሩ። ሰው አልጎደለም።

ትናንት የሥራችሁ ገምጋሚዎች ከወረታ በመኪና መጡ። ሥራው ይቀጥል ወይስ ይነሣ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አለቃቸው ረጋ ያለች ሴት ናት። መለኪያው ልክ መናገሩን ስታጣራ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። «አባቴ፣ ልጅዎ ድምፅዎን የወሰደችው ሳያውቁ ከሆነ በዚህ ሥራ ላይ አትቆይም። ፈቅደውላት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ይርዳው አጠገቤ ነበር። የንስሐ አባቴ ቄስ ኪዳነ ማርያምም ተቀምጠው ያዩኛል። ከበረቱ ደጃፍ ምን እንደተባባልን ለሳቸው ነግሬያቸው ነበር።

የመለስኩላትን ከጓደኞችሽ ትሰሚያለሽ። መለኪያው አልተነቀለም፤ አንቺም ከሥራሽ አልወጣሽም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቄስ ኪዳነ ማርያም ለንስሐ የምሄድበት ጉዳይ አለኝ፤ እሱ የእኔ ነው።

ከእንግዲህ ስትፈትኑ ሌላ ሰው ይናገር፣ ሌላ ቃልም ይበል። የእኔ ድምፅ ለውሃው ብቻ ይቀመጥ። አትፍቂው።

ለመስቀል ነዪ። እናትሽ በቀኝም በግራም ስምሽን ስትጠራ ትውላለች። የርብን ውሃ ከደጃችን የመለሰ አምላክ መንገድሽን ያድርቅልሽ፤ ከባዕድ ዓይን ይሰውርሽ። ስትመጪ ግን እግሬ ላይ እንዳትወድቂ፤ ሽማግሌም ይዘሽ እንዳትመጪ። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም፤ አልጠየቅም፤ አልመልስም። ይህን ነገር እስክሞት ድረስ ከአፌ ዳግም አትሰሚውም።

አባትሽ
አዛናው መንግሥቴ