በተዝካርህ በሬ ቆዳ የተጠፈረው አልጋ

ለተክልዬ፣ ለቤቴ ጌታ፤

ክረምቱ ሳይጠና ተለይተኸን ይኸው ነሐሴ ተጋመሰ። ዝናቡ አገራችን መቱን አለቅም ብሏል። እንደምነህ እንዳልልህ ያለህበትን አላውቀው፤ እኔን ብትጠይቀኝ ግን ደህና አይደለሁም። ቄሱ አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ለሞተ ባሌ እንድጽፍበት ኖሯል!

ወንድ ልጅ ወለድኩልህ። ተዝካርህን ባወጣን በሳምንቱ ምጥ ያዘኝ። ግንባሩ ያንተው ነው፤ ሲቆጣም እንዳንተ አፍንጫውን ይነፋል። ይህን አይቼ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ፤ እናትህም አብረውኝ አለቀሱ።

የጀመርክለት አልጋ እንዳለ ነበር። ሁለቱን ልጆቻችንን ክረምት በመጣ ቁጥር ሳል ሲነጥቀን፣ የፈጃቸው ይኸ እርጥብ መሬት ነው፣ ሦስተኛው መሬት አይተኛም ብለህ ማልክ። ከሶር ወንዝ ማዶ የቆረጥከውን ዋንዛ አድርቀህ፣ እግሩን በመሮ እየፈለፈልክ፣ የልጅ ልጆቻችን ሳይቀሩ ይተኙበታል ስትለኝ፣ እስቲ መጀመሪያ ይኸኛው በደህና ይምጣ እልህ ነበር። ለአንድ ጨቅላ ሦስት ልጅ የሚያስተኛ አልጋ! ምን ያህል ስቄብህ ነበር። ከዚያ የነጋዴዎች መጋዘን ልትሠራ ወደ ባሮ ቆላ ወረድክ፤ እዚያ የያዘህ ንዳድ ቤትህ አድርሶ ጣለህ። አልጋው እግርና ጎን ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ጠፍር የለው።

ቆዳ ከየት ላምጣ? ቤት ውስጥ የነበረው ለተዝካርህ የታረደው የቦራው በሬ ቆዳ ብቻ ነው። እሱኑ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። እናትህ ይህን ሲያዩ ጮኹ። ለሙት የታረደ በሬ ቆዳ ከጨቅላ ሥር አይዘረጋም፣ አባቱ ይጠራዋል አሉ። አባቱ ጠላቱ ነው ወይ፣ የሚጠራውስ መሬቱ ነው ብዬ መለስኩላቸው። እንዲህ ደፍሬያቸው አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁን ያቅፉልኛል እንጂ አልጋውን በእጃቸው አይነኩም።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ቆዳውን ተልትለው ሰጡኝ። ጀባዱ፣ በርቺ ይሉኛል፤ ምኑን ልበርታ? እርጥቡን ጠፍር ከጎን ጎን እያጠበቅኩ ስጠፍር መዳፌ ተላጠ። በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ ብለውኝ ነበር። በዚህ ዝናብ ምን ይደርቃል? ቆዳው መሽተት ጀመረ፤ ልጁም ማሳል ጀመረ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፣ ተክልዬ። እንደ እብድ ሆንኩ። አልጋውን ምድጃ ዳር አስጠጋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ጠፍሩ በአንዴ ደርቆ ሲኮማተር አንተ የፈለፈልከውን እግር ከመጋጠሚያው ሰነጠቀው። የእግዜር ያለህ! ሁለተኛ የሞትክብኝ ያን ቀን ነው። ኦቦ ገመዳ ስንጥቁን በተረፈው እርጥብ ጠፍር ጠምጥመው አሰሩልኝ። ትንሽ ያዘነብላል፣ ግን ቆሟል።

አሁን ልጅህ ላዩ ላይ ተኝቷል። ከመሬት ተነሥቷል፣ ሳሉ ግን አልለቀቀውም። ጡት ይዞ ይተወዋል። አርባው አልሞላ፣ ክርስትና አልተነሣ፣ ስም እንኳ የለው። እናትህ አልጋውን ያዩና መልሰው እኔን ያያሉ። ልክ እሳቸው ቢሆኑስ? እንዳላወርደው መሬቱን እፈራለሁ፤ እዚያው እንዳልተወው አንተን እፈራለሁ። አንተን የምፈራበት ቀን ይመጣል ብዬ መች አስቤ!

እባክህ፣ በሞትህ ይዤሃለሁ፤ ብቸኝነቱ ቢበረታብህም አትጥራው። ሁለቱ እዚያው ካንተ ጋር ናቸው፤ እነሱን እቀፍ። ይኸኛውን ለእኔ ተውልኝ። ሙት ዓመትህን አወጣለሁ፤ ካደገልኝም አረማመድህን፣ አሳሳቅህን፣ የእጅህን ሥራ እየነገርኩ አሳድገዋለሁ፤ ስምህም ከዚህ ቤት አይጠፋም። እሱን ከወሰድክብኝ ግን፣ ተክልዬ፣ እኔም አልተርፍ፤ የሚያስታውስህ ሰው አይኖርም።

ሚስትህ አስካለ