ዲላ ትተኸው የሄድከው ባሕር

«የእነ ዘይኑዲን ዓሣ እኮ ከእኛ በላይ ይበላል!»

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዘከርያ። ይህን የተናገረው ባለባጃጁ ጋዲሳ ነው፤ በጥር መጨረሻ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ለተሳፋሪው ሲነግረው ሰማሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ቀልድ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ። ስለዚያ ከመጻፌ በፊት ግን የሰላምታው ወግ አይጉደል።

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህስ? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህን ታሸኸው ወይስ እንደ ልማድህ ራሱ ይተወኛል ብለህ ተቀመጥክ? ሩቂያስ ደህና ናት? ልጃችሁ ጥርስ አወጣች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ጤነኛ ነው። እማዬ በየቀኑ ስምህን ታነሳለች። ዝናቡ ጀምሯል፤ ከኮንጋ የሚመጡት ሞተሮች ጭቃቸውን እኛ በር ላይ እያራገፉ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። በስልክ ግን ስዋሽህ ከርሜ ምላሴ ለምዶታል። በወረቀት መዋሸት ገና ስላልጀመርኩ፣ ሳልለምደው እውነቱን ልጻፍልህ። ጎረቤታችን ሙሐሲን ለሐጅ ሲመጣ ይዞልህ ይመጣል።

ነሐሴ ላይ ስትሄድ ሱቃችን ውስጥ ያለውን የመስታወት ባሕርህን ከነዓሣዎቹ ለእኔ አደራ ሰጠኸኝ። አርብ አርብ የውሃውን መርዝ፣ ናይትሬቱን፣ በጠብታው ለክቼ ቁጥሩን እንድልክልህ ነገርከኝ። ከአምስት አይበልጥ አልክ። መስከረም ላይ ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ ቱቦው ውስጥ ቀላ፤ ሃያ ነበር። አፍሬ «አምስት» ብዬ ላክሁ። በሚቀጥለው አርብ አርባ ሲሆን፣ ባለፈው አምስት ያልኩትን አሁን አርባ ማለት ስለማይመች ደግሜ «አምስት» አልኩህ። ጥር ላይ ሰማንያ ደረሰ። አንተ ደግሞ «ጎበዝ እህቴ፣ እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ አልያዝኩትም» ብለህ ጻፍክልኝ። ያንን መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም፤ ግን ስልኬን ገልብጬ ነው የማስቀምጠው። በመስቀል ሰሞን የላክሁልህ ፎቶም የአምናው ነው።

ስለ ሐምራዊው ኮራል፣ ድንጋይ መስሎ ስለሚያድገው የባሕር ፍጡርህ፣ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። የጥፍር ያህል ሆኖ ከጅቡቲ ጭንህ ላይ ይዘኸው መጥተህ፣ በአራት ዓመት ቡጢ ያህል ያደረስከው። መናኸሪያ ላይ ሻንጣህን መሬት ረስተህ «ሌላው ቢቀር እሱን ጠብቂልኝ» ያልከኝ። ስለ እሱ መጻፍ ይከብደኛል፤ አስቀድሜ ስለ ውሃው ልጻፍልህ።

ጋዲሳን ከሰማሁ በኋላ አንድ ሳምንት ተቀምጬ ቆጠርኩ። አራቱ ዓሣዎችህ በቀን አሥራ ሰባት ጊዜ ይበላሉ። አንተ ያዘዝከው አንዴ፣ ያውም ቁንጥር ነው። ጋዲሳ አልተሳሳተም፤ እኛ የምንበላው ሦስቴ ነው።

ጥፋቱ የማንም ክፋት አይደለም። ሱቃችን መናኸሪያው አጠገብ መሆኑን ታውቃለህ፤ መኪና የሚጠብቅ ሁሉ ምሳውን ይዞ ይገባል። የሚያየውን ሳያጎርስ የሚበላ ሰው ደግሞ እዚህ አገር የለም። ቅቤ የምታመጣልን አልጋነሽ ቆጮዋን ስትቆርስላቸው ይዣት፣ ተይ ብላት ተቆጣችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ እኮ ዓይኑን አይከድንም! እንዲህ አፍጥጦ እያየኝ ልዋጥ? ሆዴን ሊቆርጠኝ?» እውነቷን ነው፤ ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም። ቀኑን ሙሉ የሚያፈጥጥ እንግዳ ነው ሱቃችን ውስጥ ያስቀመጥክልን። የተረፈው ቆጮና ዳቦ ታች ድንጋዩ ሥር ይገባል፣ ይበሰብሳል፣ ናይትሬት ይሆናል። እኔ ባንኮኒው ላይ መጽሐፌን እያነበብኩ ሁሉንም አይ ነበር። ሰው ደግ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

«ማብላት ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። አባባ ከሰላት ሲመለሱ አነበቡትና ቀደዱት። «በዘይኑዲን ሱቅ ማብላት ክልክል ነው ተብሎ ይለጠፍ? ከዚህ በኋላ በዚህ ከተማ በየት በኩል ልለፍ?» አሉ። የዳንነው በእማዬ ነው። «ሰው ሲበላ ይጋረድ የለም? እነሱን ጋርጂያቸዋ» አለችኝ። ከምንሸጠው ቁራጭ ጨርቅ ሰማያዊ ፖፕሊን መርጬ በፊት ለፊት ሰቀልኩ፤ መብራቱ ከላይ ስለሆነ አልነካሁትም። ያን ዕለት ማንም አላጎረሳቸውም። የማያይህን መመገብ ግዴታ አይደለም።

የባሰው የእኔ ጥፋት ነው። ከይርጉ ባትሪ ቤት ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ብቻ አምጪ ብለኸኝ ነበር። ከተማውን አቋርጦ መሄድ ሲታክተኝ ከጓሮው ጉድጓድ ስቀዳ ከረምኩ። ጉድጓዱ ከጎረቤት ሽንት ቤት በታች ነው። በኋላ ውሃውን ለብቻው ብለካው አርባ ሆነ። ላጸዳው ብዬ ስለውጥ ናይትሬቱን በባልዲ ስጨምርበት ኖሬአለሁ።

የካቲት ስምንት ቀን እንደገና ጀመርኩ። ይርጉ በየሳምንቱ ሁለት ጀሪካን የተጣራ ውሃ ስጠይቀው «ስንት ባጃጅ ገዛችሁ?» አለኝ። ለዓሣ ነው ስለው ሳቀ፤ ጀሪካኖቹን ግን ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ። አንተ በተውከው የባሕር ጨው እየበጠበጥኩ፣ ሁሉንም ባንዴ ሳይሆን በየእሑዱ አንድ አምስተኛውን ለወጥኩ። ከድንጋዩ ሥር ያለውን ጭቃ በቱቦ መጠጥኩ። የማጣሪያውን ስፖንጅም ከዚያው በወጣው ውሃ አጠብኩት፤ ከሄድክ ጀምሮ አልታጠበም ነበር። የእኛም የክርስቲያኖቹም ጾም ዘንድሮ አብሮ መዋሉ ረዳኝ። ስልሳ አምስት፣ ሃምሳ፣ አርባ እያለ ወረደ። ትናንት አሥራ አምስት ነበር። ይህ ቁጥር እውነተኛ ነው፤ ከፈለግህ ይርጉን ጠይቀው፤ ቱቦውን አብሮኝ አይቷል።

አራቱም ዓሣዎች ደህና ናቸው። ከስተዋል፤ አልጋነሽ ግን ታመዋል ትላለች። የምትቆጣኝ ከሆነ ቁጣህን ጽፈህ ላክልኝ፤ በስልክ ከሆነ አላህ ይቅር ይበልሽ ትለኝና ያበቃል። ለእኔ ያ አይበቃኝም።

አባባ በጣም ሰላም ብለውሃል፤ ወገብህን በሰናፍጭ ዘይት እሸው ብለዋል። እማዬ ጉንጮችህን ትስማለች። ይርጉና ጋዲሳ ሰላም ይሉሃል። ሩቂያን እቀፍልኝ፤ ትንሿን ጥርስ ካወጣች በጥርሷ፣ ካላወጣች በድዷ ሳምልኝ።

እህትህ ሱመይራ ዘይኑዲን
ዲላ፣ ሚያዝያ ፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ሐምራዊው የሞተው ጥር ሃያ ሁለት ቀን ነው፤ በተጣራው ውሃ መለወጥ ከመጀመሬ ከሁለት ሳምንት በፊት።