እንዳይታረም የተባለው ማሳ

ጉርሜ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ ያለህበትን አገር አላውቀውም። እኔ እንዳለሁ አለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ያፈስ የነበረው የጓዳ ጣራ ተቀይሯል፤ ዘንድሮ ባልዲ ሳልደቅን ተኛሁ። ባጃጅ እስከ ደጃችን መግባት ጀምሯል። ጫልቱ ልጃችን አዳማ ላይ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ አፍንጫው ቁርጥ ያንተ ነው፣ ይቅር ይበለውና። እኔ ዘንድ ግቢ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እንዴት ብዬ ልሂድ? ቦሎቄው ይዞኛል።

ትዝ ይልሃል፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የመንገድ ዳሩን ማሳ ለማሳያ ሲጠይቁን? ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ወገን ምርጥ ዘር በመስመር ተዘርቶ፣ ማዳበሪያ ተደርጎለት ሁለት ጊዜ ይታረማል። ሌላው ወገን እንደ ድሮው በብተና ተዘርቶ፣ አንዴ ታርሞ ይተዋል፤ ልዩነቱ ለሰው እንዲታይ። ሦስት ክረምት ነው አሉ። አንተም ገበሬው ተሰብስቦ ማሳውን በጎበኘበት በመስክ በዓሉ ቀን የሰርግ ኮትህን ለብሰህ፣ ላብህ በጆሮ ግንድህ እየወረደ፣ እኔ ባልኖር እንኳ አስካለ ትጨርሰዋለች አልክ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም እልል አልኩ። ምን አውቄ!

አንተ ሄድክ፣ ቃልህ እኔ ላይ ቀረ።

ያ መልካሙ ወገን ያምራል፣ አልዋሽህም፤ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ቦሎቄ በቅሎ አያውቅም። ያኛው ግን በአረም ተዋጠ። አረም እያዩ እጅ አጣምሮ መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳክክ! ቤት ሳይጠረግ እንግዳ ሲገባ ያለውን ሐፍረት አስበው፣ እሱን በየቀኑ። ተማሪዎቹ ደግሞ የአካባቢው ልማድ የሚል ታፔላ ተከሉበት። ጎረቤታችን ዘይነባ አነበበችና፣ አንቺ ስንፍናሽን በታፔላ አሳወጅሽ ወይ ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከቆቃ ገበያ የሚመለሰው ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ ሲያልፍ ግን ሳቄ ይጠፋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቱን ጣለችው ይላሉ።

ይቺን ወሬ ወንድምህ ቶሎሳ አጥብቆ ያዛት። እኔ ልጄ ዘንድ ገብቼ መሬቱን እሱ ምርቱን በእኩል እያካፈለኝ እንዲያርሰው ነው ምኞቱ። በእኩል ይበለው እንጂ አንዴ ከገባበት ማን ያስወጣዋል? ያማረው የዩኒቨርሲቲው ሥራ ነው፣ የእሷን ሥራ ካላችሁ ይኸውላችሁ አረሙ እያለ ሽማግሌ ሰበሰበ። አረሙ የታዘዘ ነው አልኩት። በትዕዛዝ የሚበቅል አረም ዛሬ ሰማሁ አለኝ። እስቲ ምን ይመለሳል? ባርመው ቃልህን ማፍረሴ፣ ብተወው መሬትህን ማጣቴ። በየት በኩል ልውጣ? በሁለቱም በኩል የቆምከው አንተ ነህ።

ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ በዋዜማው፣ ገና ሲነጋጋ ገባሁበት። የቦሎቄው አበባ እንዳይረግፍ አረሙን አንድ በአንድ በእጄ ነቀልኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ እየሰደብኩህ ነበር የማርመው። ደግሞ አለቅሳለሁ። ወገቤ አልቃና ብሎኝ በጉልበቴ ዳህኩ።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ መጥተው ዙሪያውን አዩ። ኦቦ ዋቆ፣ የሁሉ ታላቅ፣ ወደ ቶሎሳ ዞር ብለው፣ አረሙን ያየኸው በሕልምህ ነው እንዴ አንተ አሉት። መሬቱ እኔው እጅ ቀረ። ደስ ይበልህ።

ደስታዬ ግን አልከረመም። ማሳውን የምትከታተለው ወጣቷ መምህርት መጣችና የታረመውን አይታ መዝገቧን ከደነች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ አስካለ፣ ይኼኛው ወገን ስለታረመ የዘንድሮውን ማነጻጸር አይቻልም፤ ከርሞ መደገም አለበት፤ ከደከመዎት ግን እዚህ ላይ ያቁሙ፣ ማንም አይወቅስዎትም አለችኝ። ዘንድሮ የመጨረሻው ነበር እኮ፣ ጉርሜ! በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችልኝ፣ እግሬ ግን እንቢ አለ። ከዚህ በቀር አንተ ጀምረህ ሳትጨርስ የተውከው ነገር የለማ። እሺ አልኩ። ብቻ፣ የአረሙ ወገን ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይዙርልኝ አልኩ። አፈሩ አንድ ዓይነት ካልሆነ ያስቸግራል፣ አለቆቼን ልጠይቅ ብላ ሄደች። እስካሁን መልስ የለም።

ፈቀዱም አልፈቀዱም ከርሞ እዘራለሁ። ካልፈቀዱ መንገደኛው እንደገና ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ቶሎሳም ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ያያል። እኔም እጄን አጣምሬ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው በእኔ ስም የገባውን ቃል አልሸከምም፣ ያንተም ቢሆን። አልረሳህም የሚለውን ግን፣ የሚያጨበጭብ በሌለበት፣ ራሴ በገዛ አፌ እልሃለሁ።

ሚስትህ አስካለ