የቨርሊን ቀለህ

ታምራት ሆይ፣

«ወንድሜ፣ እዚህ የጸጉር ስፋት ገደል ነው» አለኝ ኢላማ ተኳሹ ጎረቤቴ ቨርሊን፤ ከዚያ ወዲህ ስራመድ መሬት መሬቱን አያለሁ። እዚህ ኦሃዮ ሰውዬው ሁሌ የሚረታውን ሎይድን በኢላማ ተኩስ አንዴ እንኳ ለመርታት ሲል፣ የበረዶውን ወራት ሙሉ የጥይት ቀለህ ሲመርጥ ከረመ፤ ቀለሁ አጭርና ወፍራም፣ ጥይቱ እንዳይስት አንገቱ ተፍቆ የሳሳ። ሚስቱ ኦርፋ «እኔን የመረጠኝ በአንድ ከሰዓት ነው» ትላለች። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለጋብቻ ነው፤ እነሱ ለቀለህ። ዛሬ ተኮሰ፤ ኢላማው ለየሰው አንድ አንድ ነው፣ ጎን ለጎን የተተከለ። ከጎኑ የተቀመጠው ሎይድ በመነጽሩ አይቶ «አንተ ሽማግሌ፣ እጅህ ይባረክ! አምስቱም ጥይት በአንዲት ቀዳዳ!» አለና ባርኔጣውን አነሳለት። ኦርፋ አለቀሰች። የፖስታ ካርዱ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው፤ እትዬ ዘነቡን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ቀዳዳዋ ያለችው የሎይድ ኢላማ ላይ ነው።