ከመኝታ ቤት የወጣው ወንበርሽ

አስኑዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጃችን ሕሊናም ደህና ናት፤ እሑድ እሑድ ከቤቴል እየመጣች ታየኛለች። የጓሮው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ነገ እሠራዋለሁ እንዳልኩሽ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ወንበርሽ ነው።

የጭቃ ቤታችንን አፍርሰን ይህን የብሎኬት ቤት ስንሠራ፣ ከግድግዳው ቀለም እስከ መብራቱ ማጥፊያ ድረስ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ፎርማን ሆኜ የሰው ቤት ሳሠራ ስለኖርኩ፣ የራሴ ቤት እንዴት መሆን እንዳለበት ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም ነበር። ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ጌጥ የሚባል ነገር የሌለበት ቤት። አንቺ ከዚህ ሁሉ የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አንድ ወንበር እኔ ልምረጥ" አልሽኝ። ምረጪ አልኩሽ።

ጦር ኃይሎች አካባቢ ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ አግኝተሽ፣ በፒክአፕ አስጭነሽ ስትመጪ በር ላይ ቆሜ ነበር። እግሮቹ የተጠማዘዙ፣ ጀርባው ላይ ቅጠልና አበባ የተቀረጸበት፣ እንጨቱ ወርቅማ፣ መቀመጫው አረንጓዴ ከፋይ። ሕሊና በስልኳ ፈልጋ "ባሮክ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ድሮ በፈረንጅ አገር ቤተ መንግሥት ይቀመጥ የነበረ" አለችን። አንቺ በነጠላሽ ጫፍ አቧራውን ከቅጠሎቹ መሃል አንድ በአንድ መጥረግ ጀመርሽ። እኔ ፊቴን አጠቆርኩ፤ ያንን እንኳ ያየሽ አልመሰለኝም።

ያጠፋሁት በቤቱ ምርቃት ቀን ነው። ባልደረቦቼ ሳሎኑን ሞልተውታል። ከማለዳ ጀምሮ ስታስተናግጂ ውለሽ፣ ሁሉም በልቶ ጠጥቶ ሲረጋጋ ወደ ወንበርሽ ሄድሽ። ልትቀመጪ ጎንበስ ስትይ አንደኛው "ይሄ ደግሞ የማን ዙፋን ነው?" አለ። አፈርኩ። ለፍቼ የሠራሁትን ቤት ወንበሩ መሳቂያ ያደረገብኝ መሰለኝ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "አስኑ፣ ተይ እንጂ! ይሄ የጌቶች ዕቃ ነው። እኛ ማን ሆነን ነው እዚህ ላይ የምንቀመጠው?" አልኩሽ።

ሳቁ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽና ሳትቀመጪ ቀና አልሽ። እንግዶቹ ሳይሄዱ ከሕሊና ጋር ይዛችሁ መኝታ ቤት አስገባችሁት። በሩ ሲጠብባችሁ አንዱ እግሩ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ወንበር አንድ ቃል አልተነፈስሽም፤ እኔም ነገሩ በሰላም አለቀ ብዬ ረሳሁት።

ከታመምሽ በኋላ፣ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ በዚያ ወንበር ላይ ሆነሽ ወደ መስኮቱ ስታዪ አገኝሽ ነበር። እኔን ስታዪ ቀስ ብለሽ ትነሺና አልጋው ላይ ጋደም ትያለሽ። ደክሟት ነው እላለሁ። አንድ ቀን እንኳ "አይ፣ ቁጭ በይ" አላልኩሽም።

ለሙት ዓመትሽ እህትሽ እትዬ በላይነሽ መጥተው ነበር። ነጠላቸውን ሊያስቀምጡ መኝታ ቤት ገብተው ሲቆዩ ብገባ፣ ወንበሩ ፊት ቆመው ያለቅሳሉ።

"አገኘችው ማለት ነው" አሉኝ።

"ምኑን?" ብላቸው ግራ ተጋብተው አዩኝ። "አልነገረችህም?"

አልነገርሽኝም። "ሰው ቤት ነው ያደግሁት" ትይኝ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ሰው ቤት ማደግ ምን እንደነበር አልጠየቅሁሽም። እትዬ በላይነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። እናታችሁ ወጥ ቤት በሚሠሩበት የሀብታም ቤት እንዲህ ያሉ ስድስት ወንበሮች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በክብሪት እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥመሽ ከቅርጹ ውስጥ አቧራ የምታወጪው አንቺ ነበርሽ፤ ጣትሽ ቀጭን ስለነበረ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ አንድ ቀን ደክሞሽ አንዱ ላይ አረፍ እንዳልሽ እንቅልፍ ወሰደሽ። የቤቱ እመቤት ቀሰቀሱሽና፣ "ማን ሆነሽ ነው እዚህ ላይ የምትቀመጪው?" አሉሽ። ከዚያ መቀመጫውን በሳሙና እንዲያጥቡ እናታችሁን አዘዟቸው፤ አንቺ ቆመሽ እያየሽ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ወንበር አንድ ቀን የራስሽ እንዲኖርሽ ትመኚ ነበር አሉኝ።

አስኑዬ፣ እኔም ያንኑ ቃል ነው የተናገርኩሽ። ሳላውቅ ነው። ግን አለማወቄ አያጽናናኝም፤ ያላወቅሁት ሳልጠይቅሽ ስለኖርኩ ነው።

በማግስቱ ወንበሩን አወጣሁት። ኮልፌ 18 ማዞሪያ የሚሠራ አናጢ ዘንድ ወሰድኩት። የተሰነጠቀውን እግር አይቶ፣ "ወርቁንም ላድሰው፤ አዲስ ይመስልልሃል" አለኝ። እግሩን ብቻ ጠግንልኝ አልኩት። ክንድ ማሳረፊያው ጫፍ ላይ እጅሽ ሲመላለስበት ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ይታያል። እሱን ማንም እንዲቀባብኝ አልፈለግሁም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ልክስሽ ብዬ ወርቅማ ጠርዝ ያለው ትልቅ መስታወት፣ ባለዘርፍ መጋረጃ፣ እግሩ የተጠማዘዘ ጠረጴዛ ገዛሁ። ሳሎኑ የሰርግ አዳራሽ መሰለ፤ ወንበርሽም ከመሃል ጠፋ። እሑድ ሕሊና መጥታ በር ላይ ቆመችና "አባዬ፣ ምን ነክቶህ ነው?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ስለ ልጅነትሽ አታውቅም ነበር። ብዙ ሰዓት ተቀምጠን አለቀስን።

ከዚያ ተነስታ የገዛሁትን ሁሉ አስወጣች። "እንዲህ ያለ ጌጠኛ ዕቃ አንድ ይበቃል። ዙሪያው ቀለል ሲል ነው የሚያምርበት" አለችኝ። ወንበርሽን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ መስኮቱ አጠገብ ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጋ አስቀመጠችው። ያ ነጭ ግድግዳዬና ግራጫ ሶፋዬ እሱን ለማሳየት የተሠሩ ይመስላሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ አረንጓዴው ከፋይ እንደ ሣር ያበራል። የእኔ ቤትና ያንቺ ወንበር ጠበኞች አልነበሩም፤ ቤቱ ካለቀ እስክትለዪን አምስት ዓመት ሙሉ ተስማምተው መኖር ይችሉ ነበር። አንቺም ተቀምጠሽበት። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አሁን ማንም ሲመጣ እዚያ ላይ እንዲቀመጥ እለምናለሁ። እትዬ በላይነሽ ብቻ እስካሁን እምቢ ብለውኛል፤ አልጫናቸውም።

ሕሊና በሚቀጥለው ጥር ታገባለች። እጮኛዋ ጥሩ ልጅ ነው፤ ብታውቂው ትወጂው ነበር። የሚገቡበትን ቤት ቀለም እንድቀባላቸው ባለፈው ሳምንት ወሰደችኝ። እንደ ልማዴ "ነጭ ነው የሚሻለው" ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምን ዓይነት ቀለም እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ቢጫ አለችኝ። ለምን ቢጫ እንደሆነም ጠየቅኋት፤ በባዶው ክፍል ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፈን ቁጭ አልንና፣ ሃያ ስምንት ዓመት አባቷ ሆኜ የማላውቀውን ስታወራኝ ዋለች። አላቋረጥኳትም።

አስኑዬ፣ ለአንቺ ያላደረግሁትን ለእሷ አደርጋለሁ። ስምሽን ስጠራ ባለቤቴ የነበረችውን ብቻ ሳይሆን፣ ያቺን የዘጠኝ ዓመት ልጅም አስባለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ሁለታችሁንም አልረሳም። ማክሰኞ ቢጫውን መቀባት እጀምራለሁ።

ባልሽ
ተሰማ